ያልተመቸው ሕመምተኛ ይወድቃል

የነርሲንግ ተማሪዎች፣ በየዋርዱ የምታገለግሉ የሙያ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ በተለይም ከታመመ ዘመዳችሁ አጠገብ ተነሥታችሁ የመጣችሁ አስታማሚዎች፤

ዛሬ የምንነጋገረው ሕመምተኛ አልጋ ዳር ስላሉ ዕቃዎች ነው፤ ስለ ትራስ፣ ስለ ፍራሽ፣ ስለ አልጋው የጎን ብረት፣ ስለ ፖፖና ስለ መጥሪያ ደወል። በትልልቅ ማሽኖች ላይ ሥልጠና ይሰጣል። የትራስ አቀማመጥ ግን ማንም የሚያውቀው ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል። በትምህርት ቤትም ዕቃዎቹን «የደኅንነት» እና «የምቾት» ብለን ከፍለን ነው የተማርናቸው። ሥራ ላይ ስንሰማራ ታዲያ ደኅንነት ግዴታ፣ ምቾት ደግሞ ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ደግነት ይሆናል። እኔ ይህ ክፍፍል ሕመምተኞቻችንን እየጎዳ ነው እላለሁ። ሰው በሌሊት ከአልጋ የሚወርደው ሽንቱ ሲወጥረው ነው። የተሰካለትን ቱቦ የሚነቅለው ሲያሳክከው፣ ሲያመው፣ ግራ ሲገባው ነው። ተንሸራቶ አልጋው ግርጌ የሚገኘው አቀማመጡን የሚደግፍለት ነገር ስላልነበረ ነው። አደጋ ብለን መዝገብ ላይ ከምናሰፍረው ውስጥ ብዙው፣ ጥቂት ቀደም ብሎ ማንም ያላስተዋለው አለመመቸት ነበር።

ከሌሊቱ ልጀምር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ አዛውንት ይነቃሉ እንበል። ማታ የሚያሸና መድኃኒት ወስደዋል። ክፍሉ ጨለማ ነው። መነጽራቸው ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ጫማቸው አልጋው ሥር ገብቷል። የሚያስታምማቸው ልጃቸው መድኃኒት ፍለጋ ሲሮጥ ውሎ መሬት ላይ አንቀላፍቷል። እሳቸው ደግሞ እሱን መቀስቀስ አይሆንላቸውም። በእኛ ባህል ትልቅ ሰው «ልጄ፣ ሽንቴን አሸናኝ» ብሎ ከመናገር ሞቱን ይመርጣል። የአልጋው የጎን ብረት፣ ማለትም እኛ ሳይድ ሬይል የምንለው፣ በግራም በቀኝም ተነሥቷል። አዛውንቱ ምን ያደርጋሉ? ብረቱን ሊሻገሩት ይሞክራሉ።

ያ ብረት ባይኖር የሚወድቁት ከፍራሹ ከፍታ ነበር። አሁን ግን ከብረቱ አናት ላይ ነው የሚወድቁት፤ እግራቸው ብረቱ ላይ ከተያዘ ደግሞ በጭንቅላታቸው ይወርዳሉ። ሌላ አደጋም አለ። በብረቱና በፍራሹ መካከል ክፍተት ሲኖር፣ ሰውነቱ የደከመ ወይም አእምሮው የተምታታበት ሰው አንገቱ ወይም ደረቱ እዚያ ውስጥ ይሰነቀራል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2009 መጀመሪያ ድረስ ብረት ባላቸው አልጋዎች ላይ ሰው የተያዘባቸው፣ የተቀረቀረባቸው ወይም የታነቀባቸው 803 ክስተቶች ሪፖርት ደርሶታል። ከእነዚህ ሰዎች 480ዎቹ ሞተዋል። መሥሪያ ቤቱ በ2006 ባወጣው መመሪያ ሰው ሊቀረቀርባቸው የሚችሉ ሰባት የአልጋ ቦታዎችን ለይቶ፣ ጭንቅላት የሚገባበት ክፍተት ከ12 ሴንቲ ሜትር እንዲያንስ አሳስቧል። በእኛ አገር አልጋው በእርዳታ ከውጭ መጥቶ ፍራሹ ከዚህ የተገዛባቸው ክፍሎች አሉ። ሁለቱ ልካቸው አይገጥምም። እባካችሁ ነገ ዋርዳችሁ ስትገቡ ፍራሹን ወደ አንድ ጎን ግፉትና በሌላው ጎን ስንት ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንደሚቀር ተመልከቱ።

ብረቱ ይነቀል ማለቴ አይደለም። ከማደንዘዣ በመንቃት ላይ ላለ ሰው፣ አልጋው ከክፍል ወደ ክፍል ሲገፋ፣ በራሱ መገላበጥ እየቻለ የሚጨብጠው ነገር ለሚፈልግ ሰው ጠቃሚ ነው። ሕመምተኛው ራሱ «ብረቱ ሲነሣ ልቤ ያርፋል» ካለም በቂ ምክንያት ነው። የምቃወመው ብረቱን አንሥቶ፣ አሁን ደኅና ሆነ ብሎ መሄድን ነው። የተነሣ ብረት ሽንት አያስወጣም።

ለአዛውንቱ የሚሻለው ሌላ ነው። መጀመሪያ አልጋው ዝቅ ይበል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 በጻፈችው የነርሲንግ መጽሐፍ፣ የሕመምተኛ አልጋ ከሶፋ ከፍ ካለ መውጣት መውረዱ እንደሚያደክመውና ያቺን ጥቂት እንቅስቃሴውን እንደሚነጥቀው አስገንዝባ ነበር። ዛሬም እውነት ነው። እግራችን መሬት የማይደርስበት አልጋ ላይ ቁጭ ብለን መነሣትን እንሞክረው። እኛ ስንሠራ ወገባችን እንዳይጎዳ አልጋውን ከፍ እናደርጋለን፤ ተገቢ ነው። ጨርሰን ስንሄድ ግን ዝቅ ማድረግ አለብን። ዝቅና ከፍ የማይል አልጋ ከሆነ ደግሞ የሚወርዱበትን ጎን መምረጥ፣ የማይንሸራተት ጠንካራ መርገጫ ማድረግና ሰው አጠገባቸው መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፍሬኑ መያዙ በእግር ተገፍቶ ይፈተሽ። ፍሬኑ ያልያዘ ጎማ ያለው አልጋ፣ ሰው ሊደገፈው ሲል ይሸሻል።

ቀጥሎ ፖፖው። ከመኝታ በፊት «አባባ፣ ሽንት ቤት እንሂድ?» ብሎ መጠየቅ፣ ሌሊትም ተረኛዋ ስትዞር ሳይጠሯት ቀድማ መጠየቅ ከየትኛውም ብረት ይበልጥ ሰው ከመውደቅ ያድናል ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ከእሷ ሲመጣ የአዛውንቱ ክብር አይነካም። ሽንት መቀበያው፣ መነጽሩ፣ ውኃው፣ ከዘራውና ደወሉ ደግሞ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁኑ። የትኛው እጅ? በስትሮክ ግራ ጎኑ የደከመ ሰው በግራው በኩል የተቀመጠ ደወል ምንም አይጠቅመውም። በብዙ ክፍሎቻችን የግድግዳ ደወል እንደማይሠራ አውቃለሁ። ትንሽ ቃጭል ገዝቶ አንሶላው ጠርዝ ላይ ማሰር ግን በጀት አይጠይቅም። ሲነሡ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብድግ አይበሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን አንጠልጥለው ትንሽ ይቆዩ፤ የተጋደመ ሰው ድንገት ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ስለሚወርድ ራሱን ያዞረዋል። የሚያሸናውን መድኃኒት ወደ ጠዋት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅም የነርሷ ሥራ ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ሕመምተኛ በፋሻ እናስራለን። ለክፋት አይደለም፤ አንዲት ነርስ ብዙ አልጋ ይዛ፣ አንዱ ግሉኮሱን እየነቀለ፣ ሌላው እየተነሣ ስታይ የምትይዘው ያገኘችውን ነው። ቤተሰብም አንዳንዴ «እሰሩልን» ብሎ ይለምናል። የታሰረ ሰው ግን ይታገላል። ሲታገል አንጓው ይቆስላል፣ ድንጋጤው ይብሳል፣ ሳይንቀሳቀስ በቆየ ቁጥር ሳንባውና ጡንቻው ይዳከማሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው ሕግ በአረጋውያን መጦሪያ ያለ ሰው ለቅጣት ወይም ለሠራተኛው መመቻቸት ተብሎ እንዳይታሰር ከልክላለች። በዋሽንግተን ዙሪያና በሚኒሶታ በመጦሪያ ቤቶች የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህን መብት ሥልጠና ላይ ይማሩታል። እኛም አገር ቤት ልንማረው ይገባል።

ድንገት መቃዠት የጀመረ፣ ትናንት ደኅና ሲያወራ የነበረ ሰው ሲገጥመን መጀመሪያ የምንፈልገው ፋሻ መሆን የለበትም። ሆዱን እንዳብሰው፤ ፊኛው ተወጥሮ ይሆናል። ካቴተር ካለው ተጣጥፎ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ እንይ። ስንት ቀን ሳይጸዳዳ ቆየ? ኦክስጅኑ፣ ስኳሩ፣ ትኩሳቱ እንዴት ነው? ሕመም አለው? መነጽሩና የመስሚያ መሣሪያው የት ናቸው? እነዚህን ስናስተካክል የሚረጋጋ ሰው ብዙ ነው። የሚያውቀው ሰው ድምፅም ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህ በኩል አስታማሚ ያለበት የእኛ ዋርድ፣ ዘመድ በሰዓት ብቻ ከሚገባባቸው የባለጸጋ አገር ሆስፒታሎች የታደለ ነው። ሁሉም ተሞክሮ፣ ሕይወቱን የያዘውን የመተንፈሻ ቱቦ እንዳይነቅል ማሰር ግድ ከሆነ ደግሞ፣ በሐኪም ትእዛዝና ለአጭር ጊዜ ይሁን። ማሰሪያው ከጎን ብረቱ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከአልጋው አካል ጋር፣ በአንድ ስበት በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰር። በማሰሪያውና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ጣቶቹ ቀዝቅዘው ወይም አብጠው እንደሆነ ቶሎ ቶሎ ይታይ። የታሰረበት ምክንያትም ለቤተሰቡ ይነገር።

በውጭ አገር ቤድ አላርም የሚባል፣ ሕመምተኛው ሲነሣ የሚጮኽ መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የታተመ፣ በአንድ ሆስፒታል 16 ክፍሎች የተካሄደ ጥናት፣ አላርሙ በብዛት በሥራ ላይ በዋለባቸው ክፍሎች የሚወድቀው ሰው ቁጥር ትርጉም ባለው መጠን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። አልገረመኝም። አላርሙ የሚጮኸው ሰውየው ከተነሣ በኋላ ነው፤ ለምን እንደተነሣ አይጠይቀውም።

እስካሁን ያነሣሁት አለመመቸቱ ስለሚያስነሣው ሰው ነው። የባሰው ግን አለመመቸት የማይሰማው ሰው ነው። ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ እንኳ ይገላበጣል። ዳሌውና ተረከዙ ሲጨነቁ ሰውነቱ ሳይነቃ ቦታ ይለውጣል። አከርካሪው የተጎዳ፣ ራሱን የሳተ፣ በጣም የደከመ ሰው ይህ ጥሪ አይደርሰውም፤ ቢደርሰውም መልስ መስጠት አይችልም። አጥንቱና ፍራሹ መካከል ያለው ሥጋ ደም ተቋርጦበት ይሞታል። የአልጋ ቁስል የምንለው ይህ ነው። ከወገብ በታች፣ በዳሌ ጎንና ጎን፣ በተረከዝ፣ በትከሻ አጥንት፣ በክርን፣ ከማጅራት በላይ ይወጣል።

በ2ኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አከርካሪው የተመታ ወታደር ብዙም አይቆይም ነበር። የሚገድለውም ከጥይቱ ይልቅ የመረቀዘው የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ከናዚ ጀርመን ተሰዶ እንግሊዝ የገባው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1944 በስቶክ ማንዴቪል የአከርካሪ ሕክምና ክፍል ሲከፍት፣ ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ሕመምተኞቹ እንዲገለበጡ አዘዘ። መገልበጣቸውንም ሌሊት ራሱ እየመጣ ያረጋግጥ ነበር። ሕመምተኞቹ መኖር ጀመሩ። መቀመጥ ቻሉ፤ በ1948 ደግሞ ዊልቸር ላይ ሆነው በቀስት ተወዳደሩ። ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ነው።

ይህ ታሪክ የእኛም ነው። በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ሰውነቱ ሽባ ሲሆን የተወሰደው ወደዚያው ወደ ስቶክ ማንዴቪል ነው። ለወራት ታከመ። በ1970 እዚያው በተካሄደው የዊልቸር ውድድር ቀስት ይዞ ተሳተፈ። ልብ በሉ፤ መቀመጫው የቆሰለ ሰው ዊልቸር ላይ መቀመጥ አይችልም። ጀግናችን ቀስቱን ለመሳብ እንዲበቃ የአልጋ ዳር ነርሶች ቆዳውን ጠብቀውለታል። ስማቸውን አናውቅም፤ ሥራቸውን ግን ማወቅ እንችላለን።

ሥራው እንዲህ ነው። ሕመምተኛውን በጎን ስናስተኛ ሙሉ በሙሉ በዳሌ አጥንቱ ላይ አናቆመውም። ከጀርባው ትራስ አድርገን ወደ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ እናዘነብለዋለን፤ ያኔ ክብደቱ የሚያርፈው ሥጋ ባለበት መቀመጫው ላይ ነው። በጉልበቶቹ መካከል ሌላ ትራስ ይግባ። ተረከዙ ፍራሽ እንዳይነካ ባቱ ሥር፣ ከጉልበት በታች ጀምሮ፣ ለስላሳ ትራስ አድርገን ተረከዙን በአየር ላይ እንተወዋለን። ትራስ ከሌለ የተጣጠፈ ጋቢ ይበቃል። ሁለት ሰዓት ለሁሉም የተቆረጠ ሕግ አይደለም፤ ቆዳው ቀደም ብሎ ምልክት ካሳየ ጊዜው ይጠር።

ጭንቅላቱን ከፍ ስናደርግ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው አንድ ነገር አለ። ጭንቅላቱ ብቻ ከፍ ሲል ሰውነቱ ወደ ታች ይንሸራተታል። ቆዳው አንሶላው ላይ ተጣብቆ ሲቀር አጥንቱ ከውስጥ ይወርዳል፤ በመካከል ያሉት የደም ሥሮች ይጎተታሉ፣ ይታጠፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ከጉልበቱ በኩል ከፍ እናድርግ ወይም ከጭኑ ሥር ትራስ እናስገባ፤ ከዚያ ነው ራሱን ማንሣት። በቱቦ ምግብ የሚሰጠው ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው እንዳይሄድ ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ መቆየት አለበት፤ በዚህና በቆዳው መካከል ማመዛዘን የነርሷ ጥበብ ነው። ወርዶ ከሆነም በብብቱ ይዘን አንጎትተው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ ከሥሩ የተነጠፈውን አግድም አንሶላ ጨብጦ ያንቀሳቅሰው። የእኛም ወገብ፣ የእሱም ቆዳ ይተርፋል።

በዋርዶቻችን ውኃ የተሞላ ጓንት ተረከዝ ሥር ማድረግ ልማድ ሆኗል። ከአሳቢነት የመጣ ነው፤ ግን አይሠራም። ጓንቱ ትንሽ ስለሆነ ክብደቱን አያሰፋፋውም፤ ይንሸራተታል፣ ይፈሳል፣ ቆዳውንም ያረጥበዋል። መሃሉ ባዶ የሆነ ቀለበት መሰል ትራስም እንዲሁ ነው፤ ጠርዙ ዙሪያውን ተጭኖ ወደ መሃሉ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ምልክት ያሳየ ቦታን በኃይል ማሸትም ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ ይጎዳል።

ምልክቱን ማየት ራሱ ለእኛ ትምህርት ይጠይቃል። የውጭ መጻሕፍት መጀመሪያ የሚታየው መቅላት ነው ይላሉ፤ የተጻፉት ነጭ ቆዳ ታስቦ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጃችን እንመልከት። ቦታው ከዙሪያው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጠር ብሏል ወይስ ሊጥ ሆኗል? ሲነካ ያማል? ቀለሙ ከወትሮው ጠቁሯል ወይም ወደ ወይን ጠጅ ሄዷል? በቀን ብርሃን፣ በመስኮት በኩል ይታይ።

ስለ ፍራሽ ባጭሩ። አየር በየተራ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ፍራሽ ካላችሁ መልካም ነው፤ ግን መገልበጡን አያስቀርም። መብራት ሲጠፋ የሚተነፍስ እንዳለም አትርሱ። ከሕመምተኛው ወገብ ትይዩ እጃችሁን ከፍራሹ ሥር መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስገቡ፤ አጥንቱ ከተሰማችሁ ፍራሹ ሥራውን አልሠራም። ላዩ ላይ ፕላስቲክ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ሌላ አንሶላ ከደረብንበት ደግሞ ገንዘቡን በከንቱ አወጣን።

አስታማሚዎች፣ ይህቺ ለእናንተ ናት። የበረደውን ሰው ለማሞቅ በሃይላንድ ፕላስቲክ የፈላ ውኃ ሞልታችሁ እግሩ ሥር ታደርጋላችሁ። የስኳር ሕመምተኛ እግር፣ ሽባ የሆነ እግር፣ በወገቧ በተሰጣት ማደንዘዣ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት እግር ቃጠሎ አይሰማውም። ጠዋት ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ውኃ የቋጠረ ቆዳ ይገኛል። ካልሲ፣ ጋቢ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይሻላል። ነርሶችም እኛው የሰካነውን እንይ። የኦክስጅን ቱቦ ከጆሮ ጀርባ፣ ማስክ የአፍንጫ አናት ላይ፣ በአፍንጫ የገባ የምግብ ቱቦ የአፍንጫ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ፣ ጀሶ ቁርጭምጭሚት ላይ ያቆስላሉ። ከሥራቸው ያለው ቆዳ በየተረኛው ይታይ።

የዕቃ እጥረታችንን አውቃለሁ፤ የአልጋ መጨናነቁንም። ቢሆንም ከጠቀስኳቸው ውስጥ ብዙዎቹ ተጣጥፎ የሚቀመጥ ጨርቅ፣ ቃጭልና ጥያቄ ናቸው። ከአስተዳደሮች የምጠይቀው ግን አለ። ለአልጋው ልክ የሆነ ፍራሽ ይገዛ። ለአንድ ሕመምተኛ አራት ትራስ ይመደብ፤ ለመገልበጥ አንድ ትራስ አይበቃም። አስታማሚም መንገድ ላይ የቆመ እንግዳ ሳይሆን እጁ የሚያስፈልገን ሰው ስለሆነ፣ በገባበት ቀን አገላበጡን ያሳየው ሰው ይኑር። ሙያው የእኛ፣ ኃላፊነቱም የእኛ ሆኖ ይቀጥላል። በተረኛ ርክክብም መድኃኒትና የደም ግፊት ብቻ አንቀባበል። በየትኛው ጎኑ ተኝቷል፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ ደወሉ የት ነው፣ ዛሬ ምን አስቸገረው የሚሉትም አልጋው ዳር ቆመን፣ እሱም እየሰማን፣ ይነገሩ።

እዚህ ፊት ለፊት አልጋ አስቀርበናል። ከተማሪዎቹ አንድ ፈቃደኛ ይምጣና በጀርባው ይተኛ። ጥያቄና መልሱ እስኪያልቅ ጣቱን እንኳ ሳያንቀሳቅስ ይቆያል፤ ከዚያ የት የት እንዳመመው ይነግረናል። ቀጥሎ አስታማሚዎች ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ወደ ጎን ትገለብጡታላችሁ። ትራሶቹ እዚያ ጥግ ናቸው። መጀመሪያ ግን አንዳችሁ የአልጋውን ፍሬን ፈትሹልኝ።